ሔዋን የደበቀቻቸው ልጆች

«ይህ ነገር ከውጭ የመጣብን ነው።» ስለ ጾታ ክርክር በተነሳ ቁጥር፣ በሻይ ቤትም ይሁን በቢሮ፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳልሰማ የቀረሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። በተለይ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የሰላምና ጸጥታ ቢሮ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን ካስታወቀ ወዲህ፣ ክርክሩ ከሕግ ወጥቶ የሰውን አለባበስ፣ አረማመድና የድምፅ ቅጥነት ወደ መመርመር ተሸጋግሯል። በሌላው ጫፍ ደግሞ በዓለም ላይ ዛሬ «ትራንስጀንደር» የሚባለው ማንነት በየዘመኑና በየአገሩ በዚያው መልኩ ነበረ የሚሉ አሉ። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች የቸኮሉ ይመስለኛል። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይሉ ነበርና እስቲ ከሥሩ እንየው።

ከሁሉ በፊት ቃላቱን እንለይ። የሕግ ሰው ከፍቺ ሳይነሳ ወደ ፍርድ አይሄድም። አንደኛ፣ በተፈጥሮ የወንድና የሴት አካላዊ ምልክት ተቀላቅሎበት የሚወለድ ሰው አለ፤ አማርኛችን «ፍናፍንት» ይለዋል። ሁለተኛ፣ ወደ ተመሳሳይ ጾታ የሚሳብ ሰው አለ። ሦስተኛ፣ ሲወለድ ከተሰጠው ጾታ ውጭ ሆኖ ራሱን የሚያውቅና እንደዚያው መኖር የሚፈልግ ሰው አለ፤ ትራንስጀንደር የሚባለው ይህ ነው። የመጀመሪያው የአካል፣ ሁለተኛው የፍላጎት፣ ሦስተኛው የማንነት ጉዳይ ነው። በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። በአገራችን ክርክር ውስጥ ሦስቱም በአንድ ጆንያ ተከተው ስለሚደበደቡ፣ ዱላው ማን ላይ እንዳረፈ እንኳ አይታወቅም።

ከመተማ የሚነሳ መንገድ

ታሪኩን ከመተማ መጀመር እመርጣለሁ። መተማ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁበትን ጦርነት ነው፤ ከተማዋም «መተማ ዮሐንስ» ትባላለች። ዛሬ ደግሞ በሰሊጥ፣ በጥጥ፣ በወቅታዊ የቀን ሠራተኛና ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት በሚሸሹ ስደተኞች ስሟ ይነሳል። ይህች የድንበር ከተማ ግን ለእኛ ርዕስም በር ናት። በ1924 ዓ.ም. (1932 እ.ኤ.አ.) በማርሴል ግሪዮል የሚመራው ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በሱዳኗ ጋላባት ለሳምንታት ፈቃድ ሲጠብቅ ከቆየ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በመተማ በኩል ነው። ከቡድኑ አባላት አንዱ ደራሲው ሚሼል ሌሪስ ነበር። ጎንደር ደርሶም በአስተርጓሚው በአባ ጄሮም ገብረ ሙሴ እየተረዳ ወራት ያሳለፈው በአንድ የዛር ቤት ውስጥ ነው።

የቤቱ ባለቤት መልካም አያሁ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ሴትየዋ የብዙ ዛሮች «ፈረስ» ናቸው፤ ከሚሰፍሩባቸው ዛሮች መካከል አባ ዮሴፍ የሚባለው ወንድ ይገኝበታል። ዛሩ ሲወርድ አሮጊቷ አሮጊት አይደሉም። ድምፃቸው ይለወጣል፣ ይፎክራሉ፣ ይገዝታሉ፣ ይመርቃሉ። ሰውነታቸውንም «ፈረሴ» እያለ የሚጠራው የሰፈረባቸው ዛር ነው። በዙሪያቸው ያሉትም የሚሰግዱት ለጋላቢው እንጂ ለፈረሱ አይደለም። ሌሪስ ይህን ሁሉ በማስታወሻው ከመዘገበ በኋላ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ በጎንደር የዛር ሥርዓት ውስጥ ያለውን የትያትር ባሕርይ ተንትኗል።

ለመሆኑ ዛር ከየት መጣ? ጣሊያናዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ ቃሉን ከአገው የጥንት የሰማይ አምላክ ስም ጋር ያያይዘዋል። ሕዝቡ ግን የራሱ አፈ ታሪክ አለው። አሜሪካዊው አጥኚ ሳይመን ሜሲንግ በ1958 እ.ኤ.አ. ስለ ዛር ባሳተመው ጽሑፍ እንደዘገበው ሔዋን ሠላሳ ልጆች ወለደች። ፈጣሪ ልጆችሽን አሳዪኝ ባላት ጊዜ ሠጋችና የሚያምሩትን አሥራ አምስቱን ደበቀች። በዚህም የተነሳ የተደበቁት ለዘላለም ተሰውረው ቀሩ፤ ዛር የሆኑት እነዚህ ናቸው። በግልጽ የታዩት ደግሞ እኔና እናንተ ነን።

ይህ አፈ ታሪክ ከተረትነቱ ያለፈ ፍሬ ነገር ያለው ይመስለኛል። የተደበቀ ልጅ አልጠፋም፤ ከቆጠራ ቀረ እንጂ። ከቆጠራ የቀረውም በሌላ በር፣ በሌላ ስምና በሌላ ድምፅ ተመልሶ ይመጣል።

ከዓመታት በፊት በአንድ የእርሻ መሬት ክርክር ምክንያት ቋራ ወረዳ፣ ገለጉ ከተማ ጥቂት ቀናት ቆይቼ ነበር። ቡና የሚያፈሉልን እናት፣ እናታቸው በወጣትነታቸው ባለዛር እንደነበሩ አጫወቱኝ። «እማማ፣ ዛሩ ወንድ ነበር ወይስ ሴት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ወንድ ነው እንጂ! ፈረሱ ናት ሴት» አሉኝ። «ታዲያ ምን ብላችሁ ነበር የምትጠሯቸው?» ስላቸው ሳቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ሲወርድ ‹ጌታዬ›፣ ሲለቃት ‹እናትዬ›። ይኼ ምኑ ይከብዳል?» አሉኝ። በሕግ ትምህርት ቤትም ሆነ ከዚያ በኋላ ጉዳዩን እንዲህ አቅልሎ የነገረኝ ሰው አልገጠመኝም።

ዛር ድንበሩንም ተሻግሯል። በሱዳን የዛር ሥርዓት መናፍስቱ በነገድ በነገድ ይመደባሉ፤ ደርቪሾች፣ ፓሻዎች፣ ነጮች፣ ዐረቦች፣ ከእነዚህም ጎን «ሐበሽ» የሚባሉ የኢትዮጵያ መናፍስት አሉ። ጃኒስ ቦዲ በ1989 እ.ኤ.አ. ስለ ሰሜን ሱዳን መንደር ባሳተመችው ጥናት እንደምናነበው በዕለት ኑሮዋ ዓይነ አፋር የሆነች ሚስት ዛሩ ሲይዛት የወንድ ልብስ ትጠይቃለች፣ ታጨሳለች፣ እንደ ጦር አዛዥ ትዘዋወራለች። እኛ ሱዳኖቹን «ከወዲያ ማዶ» እንደምንላቸው ሁሉ እነሱም ከማዶ ካሉ መናፍስት መካከል እኛን አስገብተውናል። «ከውጭ የመጣ ነው» የሚለው አባባል በጎንደርም በሱዳንም ያረጀ መሆኑን ልብ ይሏል።

ለጥንቃቄ ያህል ግን አንድ ነገር ልበል። ባለዛሯን ሴት «የጥንት ትራንስጀንደር» ማለት ስሕተት ነው። ዛሩ ሲለቃት ወደ ሴትነቷ፣ ወደ ልጆቿና ወደ ምድጃዋ ትመለሳለች፤ ወንድ ነኝ አላለችም። ከዛር ቤት የምንማረው ሌላ ነው። ማኅበረሰባችን በአንድ ሰውነት ላይ ከአንድ በላይ ጾታ ሲገለጥ አይቶ አገር ፈረሰ አላለም። ቦታ፣ ሥርዓትና አጠራር አበጀለት።

ወንዳገረድ፣ ሳጎዳ፣ አሽቲሜ

በቋሚነት ከወንድነትና ከሴትነት ድንበር ላይ ለሚኖር ሰውም ስም ነበረን። «ወንዳገረድ» የሚለው ቃል ከአውሮፓ አልመጣም፤ ወንድና ገረድ ከሚሉ ሁለት የአገር ቃላት የተሰፋ ነው። ወንድ መሰል ለሆነች ሴት ደግሞ «ወንዳወንድ» እንላለን። ከላይ የጠቀስኩት ሜሲንግ በ1957 እ.ኤ.አ. ስለ ደጋው አማራ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት እነዚህን ሰዎች መዝግቧቸዋል። እንደ ዘገባው ወንዳገረድ የሚባሉት ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ወንዱም ሴቱም እንደ ወንድም ይቆጥራቸዋል፤ ባሎች ከሚስቶቻቸው ጋር ቢቀራረቡ እንኳ አይቀኑባቸውም። ማኅበረሰቡ አፈጣጠራቸው የጎደለ ነው ብሎ ያዝንላቸዋል እንጂ አያሳድዳቸውም።

በደቡብም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። ክሪስቶፈር ሃልፓይክ በ1972 እ.ኤ.አ. ስለ ኮንሶ በጻፈው መጽሐፍ የማያገቡ፣ ደካማ ናቸው የሚባሉ ወይም የሴት ልብስ የሚለብሱ ወንዶች «ሳጎዳ» እንደሚባሉ ይናገራል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የማሌ ነው። በ1966 እና 67 ዓ.ም. ገደማ በማሌ የቆየው ዶናልድ ዶንሃም እንደጻፈው «አሽቲሜ» የሚባሉ ወንዶች እንደ ሴት ይለብሱ፣ የሴት ሥራ ይሠሩ፣ የራሳቸውን ቤት ይመሩ ነበር። ቀድሞ ዋና ቦታቸው የንጉሡ የ«ካቲው» ግቢ ነበር። ምክንያቱ ሃይማኖታዊ ነው። ካቲው የወንድነት ሁሉ ምንጭና ምሳሌ ስለሆነ በታላላቅ ሥርዓቶች ዋዜማ ከሴት መራቅ አለበት። አሽቲሜዎቹም በዚያ ግቢ ውስጥ ሴቶች ሊቀርቡት የማይገባውን አገልግሎት የሚሸፍኑ ሆኑ። ዶንሃም በደረሰበት ዘመን ግን ሥርዓቱ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። አብዮቱ መጥቶ ባላባትነትን ሲሽር የግቢው ጥላም አብሮ ተነሣ።

እዚህ ላይ የሚታየው ነገር ቀላል አይደለም። ወንዳገረዱ የታገሡት «ጎዶሎ» ተብሎ ነው። አሽቲሜው የተጠለለው ንጉሡን ሲያገለግል ነው። ባለዛሯ የተከበረችው መንፈሱ እስካለ ድረስ ነው። አባቶቻችን ቦታ ሰጥተዋል፤ ነገር ግን በነጻ አልሰጡም።

በስንክሳር ውስጥ

«ይህ የባዕድ አምልኮ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አታውቀውም» የሚል አንባቢ ይኖራል። እሺ፣ ወደ ስንክሳር እንሂድ። ጥር 21 ቀን የምትታሰበው ቅድስት ኢላርያ የንጉሥ ዘይኑን ልጅ ናት። ቤተ መንግሥቱን ጥላ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ወደ አስቄጥስ ገዳም ገባች። ጢም ስለሌላት መነኮሳቱ ጃንደረባ መሰለቻቸውና በወንድ ስም ኢላርዮን እያሉ ሲጠሯት ኖሩ። ነሐሴ 15 ቀን የምትታሰበው እንባ መሪና ደግሞ ከአባቷ ጋር በወንድ ስምና ልብስ ገዳም ገባች። በኋላም የአንድ እንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ ያረገዘችው ከእርሷ ነው ተብላ ተከሰሰች። «ሴት ነኝ» ብትል ክሱ በአንድ ቃል ይፈርስ ነበር። አላለችም። ከገዳም ተባረረች፣ ያልወለደችውን ልጅ አሳደገች፣ ሥጋዋ ለግንዘት ሲገለጥ ብቻ እውነቱ ታወቀ።

ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ሴቶች የምታከብራቸው በተጋድሏቸው እንጂ በልብሳቸው አይደለም፤ ይህን አልስትም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ወንድ የሴትን፣ ሴትም የወንድን ልብስ እንዳትለብስ የተጻፈውንም አውቃለሁ። ነገር ግን ያንኑ ክልከላ የሚያነበው ማኅበረሰብ እነዚህን ገድሎች በየዓመቱ ሲያነብ ኖሯል። ለልብሱ ከተጻፈው ሕግ በላይ የሰውየውን ልብ መዝኗል ማለት ነው።

ጃንደረባም አለ። በዘዳግም ምዕራፍ 23 የተሰለበ ሰው ወደ ጉባኤ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 56 ይህንኑ ሰው ጠርቶ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም በእግዚአብሔር ቤት እንደሚሰጠው ይናገራል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ደግሞ ፊልጶስ በጋዛ መንገድ ያጠመቀው የህንደኬ ባለሟል ጃንደረባ ነው። በሠረገላው ላይ ሲያነብ የነበረውም ያንኑ ኢሳይያስን ነበር። ኢትዮጵያ በክርስትና ታሪክ የመጀመሪያውን ስሟን ያገኘችው በአንድ ጃንደረባ ነው። በ325 እ.ኤ.አ. የኒቅያ ጉባኤ የመጀመሪያው ቀኖናም በሕመም ወይም በግፍ የተሰለበው በክህነቱ እንዲቀጥል፣ ራሱን በፈቃዱ የሰለበው ግን እንዲሻር ደንግጓል።

በመተማም በገለጉም ከክርስቲያኑ ጋር ጎን ለጎን የሚኖረው ሙስሊም ወገናችንም ጉዳዩን ከሕግ ውጭ አላደረገውም። የእስልምና ሊቃውንት ፍናፍንት ሆኖ ስለተወለደ ሰው («ኹንሣ») ጾታው በምን ምልክት እንደሚለይ፣ መለየት ካልተቻለም ውርስ እንዴት እንደሚደርሰው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ተከራክረው ጽፈዋል። ሐነፊዎች አነስተኛውን ድርሻ ሲሰጡት፣ ማሊኪዎች የወንድንና የሴትን ድርሻ አማካይ ይሰጡታል። በመልሱ መስማማት አለመስማማት ሌላ ነገር ነው። የሕግ ሰው ልብ የሚለው ግን «ይህ ሰው የለም» ያለ ሊቅ አለመኖሩን ነው።

የቅጥሩ ጥላ

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በሱመራውያን አፈ ታሪክ ኢናና የተባለችው አምላክ ወደ ሙታን አገር ወርዳ በቀረች ጊዜ፣ ኤንኪ ከጥፍሩ ሥር ካወጣው እድፍ ወንድም ሴትም ያልሆኑ ሁለት ፍጡራንን ሠርቶ ላከ። ወንድም ሴትም ባለመሆናቸው የሙታንን በር አልፈው ገቡና ሕይወት መለሱላት። የዚሁ ታሪክ የአካድ ቅጂ ላይ ግን አዳኙ አሱሹናሚር ይባላል፤ ፍጻሜውም መራራ ነው። የሙታን ንግሥት ረገመችው፤ ምግቡ ከከተማ ቦይ፣ መቆሚያው የቅጥር ጥላ፣ ጉንጩም ለሰካራሙም ለጤነኛውም መጥፊያ እንዲሆን። አምላክን ያዳነው ሰው ደመወዙ ጥፊ ሆነ። ከሺህ ዓመታት በኋላ በየከተማው መንገድ ዳር በጥፊ የሚመታውን ሰው ሳስብ ይህ እርግማን ትዝ ይለኛል።

በሕንድ ሺቫ በግማሽ አካሉ ሴት ሆኖ ይቀረጻል፤ አርድሃናሪሽቫራ ይሉታል። በዚያው አገር «ሂጅራ» የሚባሉት ሰዎች በሠርግና በልደት ቤት እየዞሩ ሲመርቁ፣ በሙጋሎች ቤተ መንግሥትም በባለሟልነት ሲያገለግሉ ኖረዋል። በ1871 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ያወጡት የወንጀለኛ ጎሣዎች ሕግ በፖሊስ መዝገብ እንዲጻፉና እንዲጠበቁ አደረገ። ሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሦስተኛ ጾታ ሆነው በሕግ እንዲታወቁ ፈረደ። ከዚያ በፊት በ2011 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከወንድና ከሴት ውጭ «ሌላ» ተብለው የተመዘገቡት 488 ሺህ ያህል ነበሩ። የምርቃት ባለቤት መሆናቸው ግን ከልመናና ከዱላ አላዳናቸውም። አፈ ታሪክ ክብር ይሰጣል፤ ደመወዝ ግን አይከፍልም።

ዛሬ «ትራንስጀንደር» በሚለው ቃል ሥር የተሰባሰበው ንቅናቄ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። መንፈስ ያዘኝ፣ ንጉሥ አገለግላለሁ፣ እመርቃለሁ አይልም። «እኔ ራሴ ነኝ» ይላል፤ የሚጠይቀውም መታወቂያ፣ ሕክምናና የሕግ ጥበቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀውና ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባ ይህን ሁኔታ ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር አውጥቶታል። ነገሩ የምዕራባውያን ብቻ የሚመስለው ካለ፣ በኢራን አያቶላህ ኾሜኒ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰጡት ፈትዋ የጾታ ለውጥ ሕክምና መፈቀዱን ያስታውስ። ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በሞት የሚቀጣ አገር ነው ይህ። ሁለቱ ጉዳዮች ለየብቻ መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ

ወደ ቤታችን እንመለስና ቋንቋችንን እንመርምር። በአማርኛ አንድን ሰው ጾታውን ሳይወስኑ ማናገር ይከብዳል፤ «ና» ወይም «ነይ» ማለት ግድ ነው። ያም ሆኖ ራሳችን ደንቡን በየቀኑ እንጥሰዋለን። እናት ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ «አንቺ» ትለዋለች። ጎበዝ ሴትን «ወንድ ናት!» ብለን እናወድሳለን፤ ፈሪ ወንድን ግን «ሴት!» ብለን እንሰድባለን። ከሴትነት ወደ ወንድነት የተሻገረ እንደ ወጣ፣ ከወንድነት ወደ ሴትነት የተሻገረ እንደ ወረደ ይቆጠራል። ኢላርያና መሪና ቅዱሳን ሲባሉ ወንዳገረዱ «ጎዶሎ» የተባለውም በዚሁ መሰላል ይመስለኛል። ስለዚህ ሴት መሰል ወንድን ስንጠላ፣ ጥላቻችን ከእርሱ አልፎ ለእናቶቻችንና ለእኅቶቻችን ያለንን ግምት ይናገራል።

አማርኛ ግን አንድ ጾታ የማይጠይቅ አጠራር አለው፤ «እርስዎ»። በአክብሮት ስናናግር «ይምጡ» እንላለን፤ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። በቋንቋችን ጾታን የማይመረምረው አክብሮት ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሕጉ ምን ይላል?

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 እና ተከታዮቹ የተመሳሳይ ጾታ የግብረ ሥጋ ግንኙነትን ይከለክላል። ይህ አንቀጽ ይቅር ወይስ ይቆይ የሚለው የዛሬው ጽሑፌ ጉዳይ አይደለም። አንቀጹ የሚቀጣው ግን ድርጊትን ነው። የድምፅ ቅጥነትን፣ የፀጉር አያያዝን፣ የአረማመድን ሁኔታ አይቀጣም። የዚያው ሕግ አንቀጽ 2 ደግሞ በሕግ ያልተደነገገን ነገር ፍርድ ቤት በማመሳሰል ወንጀል እንዳያደርግ ይከለክላል። ዳኛ የማይችለውን የሰፈር ጎረምሳ ከየት አምጥቶ ይችላል? ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 16 የአካል ደኅንነትን፣ በአንቀጽ 24 ክብርንና መልካም ስምን፣ በአንቀጽ 25 እኩልነትን፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ለ«ማንኛውም ሰው» ሲሰጥ «ወንድነቱ ወይም ሴትነቱ በግልጽ ለታወቀ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም።

ከሁሉ የሚብሰው የፍናፍንት ልጅ ጉዳይ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ (ቁጥር 760/2004 ዓ.ም.) የሕፃኑ ጾታ በልደት መዝገብ እንዲጻፍ ያዛል። በገጠር ጤና ጣቢያ የተወለደ፣ ሐኪሙም ወላጁም «ይህ ነው» ለማለት የተቸገሩበት ሕፃን ምን ይባል? በችኮላ የተሞላች አንዲት ቃል ከትምህርት ቤት እስከ ጋብቻ፣ ከጋብቻ እስከ ውርስ ትከተለዋለች። ብዙ ወላጆችም እንደ ሔዋን ልጃቸውን ይደብቃሉ።

ጎረቤታችን ኬንያ ይህን ጥያቄ ተጋፍጣዋለች። በአንድ ሕፃን የሆስፒታል ሰነድ ላይ በጾታ ቦታ የጥያቄ ምልክት ተጽፎ ጉዳዩ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ፍርድ ቤቱም በታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. መንግሥት ለእነዚህ ልጆች መመሪያ እንዲያዘጋጅ አዘዘ። በ2019 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ ኬንያ ፍናፍንት ዜጎቿን ቆጠረች፤ 1,524 ሆኑ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የልጆች ሕጓም እነዚህን ልጆች በስም ጠቅሶ ጥበቃ ሰጣቸው። ኬንያ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚከለክለውን ሕጓን አልሻረችም፤ ሃይማኖቷንም አልተወችም። ቆጠረች፣ አወቀች፣ ደነገገች። በቃ።

እኛም ከዚህ መጀመር እንችላለን። የልደት መዝገብ ሠራተኛ ሐኪም እስኪያረጋግጥ የሚጠብቅበት መመሪያ ይውጣ። ሕፃናት አካላቸውን ለዘለቄታ በሚለውጥ ቀዶ ሕክምና ላይ ለሕይወታቸው የሚያሰጋ ካልሆነ በቀር ራሳቸው መናገር እስኪችሉ ይታገሡላቸው። ፖሊስ ደግሞ አንድ ሰው ሴት መሰለ ወይም ወንድ መሰለ ተብሎ ሲደበደብ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ተደብዳቢውን ሳይሆን ደብዳቢውን ይሁን። ይህን ለማድረግ የማንንም ቀኖና መሻር አያስፈልግም፤ ያለውን ሕግ ማክበር ይበቃል።

ቃሉ አዲስ ነው፤ ሰዎቹ ግን አዲስ አይደሉም። በዛር ቤት፣ በካቲው ግቢ፣ በስንክሳር ገጽና በህንደኬ ሠረገላ ላይ አይተናቸዋል። እስካሁን ቦታ የሰጠናቸው ግን መንፈስ ሲይዛቸው፣ ንጉሥ ሲጠለሉ ወይም ከሞቱ በኋላ ነው። የእኛ ትውልድ ዕዳ በሕይወት እያሉ፣ በራሳቸው ስም፣ እንደ ሰው መቁጠር ነው። ሔዋን ልጆቿን የደበቀችው ስላልወደደቻቸው አልነበረም፤ የሚቆጥራቸውን ፈርታ ነው። እንግዲህ ቆጣሪዎቹ እኛ ነንና የማንፈራ እንሁን።

ቸር እንሰንብት።